የመጡበት ዓመት

ሐዋሳ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ታላቅ እህቴ ብትሆን ኖሮ ያጠራትን ልብስ እለብስ ነበር። እንዲህ ባለች ልጅ ከተማ ውስጥ ሰዎች "ነባር" በሚለው ቃል እንደ ማዕረግ ሲኩራሩ ማየት ሁልጊዜ ያስቀኛል። በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን ሁለት ሰው ከተጣላ መጀመሪያ የሚወረወረው ድንጋይ ይኸው ቃል ነበር። "እኔ እኮ ነባር ነኝ!" ትናንት መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደው ዛሬ የወረደውን "መጤ" ይለዋል።

ቃሉ ራሱ ምንም አላጠፋም። ነባር ማለት በቦታው የጸና፣ ሥር የሰደደ፣ ሌላው ሲመጣ ቀድሞ የነበረ ማለት ነው። ነባር ልማድ ይባላል፣ ነባር ሠራተኛ ይባላል፣ ነባር ዛፍም ይባላል። ዛፉ ግን "ነባር ነኝ" ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው፤ ሌላ ችሎታ አለሽ ወይ ያለኝ የለም። አንድ ቀን ሊቀ መንበራችን ነዋሪው ሁሉ እንደገና ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ግን ብዕሩ በእኔ እጅ ነው። ነባር የሆነ ባለበት ይጸናል፤ አዲስ የሆነ ግን ግቢው ለቀበሌው ሥራ ከተፈለገ ከከተማው ውጪ ቱላ በኩል ምትክ ቦታ ይሰጠዋል ተባለ።

የተፈለገው ግቢ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሊቀ መንበሩ ቢራ የሚሸጥበት የቀበሌ መዝናኛ ክበብ ሊሠራ ቋምጧል፤ ዓይኑን የጣለውም ከጽሕፈት ቤታችን ጀርባ ባለው የእንሰት ግቢ ላይ ነው። ግቢው የአንድ ሲዳማ ሽማግሌ ነበር። እንሰቱን በእጃቸው የተከሉ፣ አማርኛን ከገበያ የለቀሙ፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

ሊመዘገቡ መጡ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የቤተሰባቸውን ብዛት ጻፍኩ። የመጨረሻው አምድ "ወደ ከተማው የመጡበት ዓመት" ይላል።

"አባባ፣ መቼ መጡ?"

"የት?"

"እዚህ ነዋ! ሐዋሳ።"

ትንሽ አሰቡ። "እኔ አልመጣሁም" አሉ።

ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ አለ፤ የምሳ ሰዓትም ደርሷል። በአምዱ ላይ ሰረዝ አሰመርኩና "ቀጥሎ!" አልኩ። ከምሳ በኋላ ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ሲያገላብጥ ሰረዟ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ፊቱ በራ።

"የመጣበት ዓመት የማይታወቅ ሰው አዲስ ነው። ጻፊ" አለኝ።

ጻፍኩ። በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ "አዲስ" ብዬ ጻፍኩ። ፈርቼ ነበር። ያን ጊዜ ሊቀ መንበር ላይ አፍ መክፈት ቀልድ አልነበረም፤ ይህን የምለው ግን ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ የሽማግሌውን ግቢ በእርምጃ ሲለካ ታየ። እናቴ በአጥራችን ቀዳዳ ስትመለከት ቆይታ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "እሳቸውን አዲስ ብሎ የጻፈው የማን እጅ ነው?" ሽማግሌው እኔን አልተቆጡም። ጽሕፈት ቤት መጥተው "እኔ እሄዳለሁ፣ እግር አለኝ። እንሰቱ ግን እግር የለውም" ብለውኝ ብቻ ወጡ። ያን ቀን ምሳዬ አልበላ አለኝ።

ያዳነን ከበላይ የመጣ መመሪያ ነው። ነባር ነኝ የሚል ሁሉ ከእሱ ቀድሞ በቦታው የነበረና ሲመጣ ያየው ምስክር ያቅርብ፤ ምስክር የሌለው በሙሉ አዲስ ተብሎ ይመዝገብ ይላል። ጉድ ፈላ። የእኛ ሰዎች ሲመዘገቡ አንዱ ዓመቱን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ሌላው አንድ ጨምሮ ሲገፋ፣ በመዝገቤ ላይ ግማሹ ነዋሪ ከተማዋ ሳትቆረቆር የገባ ሆኖ ነበር። ሁሉም አንደኛ ስለሆነ ለማንም የሚመሰክር ቀዳሚ ጠፋ። ከሁሉ ቀዳሚ ደግሞ ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት አስጽፏል።

እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ጨዋ መስዬ ጠየቅኩት። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ሲመጡ እዚህ ማን ነበር?"

መልሱ ከመስኮቱ ውጪ በእንሰቱ መሃል እያረመ ነበር።

እሑድ በአዳራሹ ተሰበሰብን። እስከ ቅዳሜ ድረስ "ያ ሽማግሌ" ሲባሉ የነበሩት ሰው እሑድ ጠዋት "አባታችን" ሆኑ፤ የፊት ወንበር ተሰጣቸው። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ለነዋሪው በሙሉ እንዲመሰክሩ በአብዮታዊ አክብሮት ጠየቃቸው።

እሳቸውም አሰቡና "አዲስ ሰው ይመሰክራል?" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"እሱ ይስተካከላል" አለ ሊቀ መንበሩ። "ጸሐፊ፣ አስተካክዪ!"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ደፈርኩ። "አልችልም ጓድ። መመሪያው ለእሳቸውም ምስክር ይላል።"

ሊቀ መንበሩ እንደ በርበሬ ቀላ። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "ሲመጡ ያየ የለም፤ እኔ ስመጣ ግን ነበሩ" አለች። ከኋላ ልብስ ሰፊው ተነሣ፤ "እኔም ስመጣ ነበሩ፤ የውኃውን መንገድ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።" ከዚያ አስተማሪው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ጡረተኛው ወታደር። "እኔም ስመጣ ነበሩ።" ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ያስጻፈ ሁሉ፣ ዓመቱን ረስቶ፣ መምጣቱን አመነ። የቀረው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው።

ሽማግሌው አዩት። "አንተ ክረምት መጣህ። ፍራሽ ተሸክመህ። ፍራሹ ረጥቦ ነበር፤ እኔ ቤት ሦስት ቀን ደረቀ" አሉና ጣታቸውን ቆጠሩ። "ሰባት ዓመት ሆነህ።"

በዚያ ዘመን በሊቀ መንበር ላይ መሳቅ ያስፈራል፤ ሰዉ በነጠላና በመዳፍ አፉን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቀ መንበሩ ወረቀቶቹን አንሥቶ፣ መልሶ አስቀምጦ፣ በመጨረሻ "እኔም ስመጣ ነበሩ" አለ።

ከዚያ ሽማግሌው ጠረጴዛዬ ጎን ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ሰው እየመሰከሩ በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ ጀመር። ማን በጭነት መኪና፣ ማን በእግሩ፣ ማን አልቅሶ እንደመጣ ያውቃሉ። የእናቴ ተራ ደረሰ።

"ይህች ሕፃን ታቅፋ መጣች። ጡቷ በመንገድ ደርቆ ነበር። ሕፃኗ ጩኸቷ! ወተት ሰጠሁ፣ ዝም አለች።"

እናቴ ሌላ ልጅ የላትም። ብዕሩ በእጄ እንዳለ ቀረ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጬ በእጄ የጻፍኩትን "አዲስ" ሰረዝኩና "ነባር" ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቱ አላማረም። የመጨረሻው አምድ ላይ ግን አሁንም ሰረዝ ብቻ ነው ያለው፤ መመሪያው ደግሞ ባዶ አይተው ይላል።

"አባባ" አልኩ ቀና ሳልል፣ "የመጡበትን ዓመት ምን ብዬ ልጻፍ?"

አውራ ጣታቸውን ከቀለሙ እየጠረጉ አዩኝ።

"አሁንም አልመጣሁም" አሉ።