ወንበሬን ወደ ኋላ ያደረግሁበት ቀን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር፣ አንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ነበር። አስተርጓሚዎችን የሚያሰማራው አለቃዬ ኮሊን ገና በር ላይ ሕጉን ነገረኝ። "የተባለውን ብቻ ተናገሪ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አትምከሪ። ባለጉዳዩ 'እኔ' ካለ አንቺም 'እኔ' በይ።"

በዚህ ሕግ ምክንያት በስተርጅና ወታደር ሆኛለሁ፣ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ መንታ አርግዣለሁ። አስመራ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ቢሰሙኝ ምን ይሉ ነበር?

የስደት ፖሊሲ የሚባለውን ነገር ከጋዜጣ በፊት ከባለጉዳዮቼ አፍ ነው የምሰማው። ድሮ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሊቢያ ነበር። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ግን ወሬው ሁሉ ካይሮ ሆነ። የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ እየራቀ መሄዱን፣ ፈቃድ የሌለው ሰው መንገድ ላይ እየተያዘ መሆኑን ነገሩኝ። ግብፅ ደንቧን ባጠበቀች ቁጥር፣ ትንሽ ቆይቶ አዲስ ሰው ፊቴ ይቀመጣል።

ሳምሶን ከእነሱ አንዱ ነው። ከአገሩ ተሰዶ ካርቱም በብየዳ ሥራ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ከጦርነቱ ሸሽቶ ካይሮ ገባ፤ ከዚያ ሚስቱን ሄለንንና ትንሽ ሴት ልጃቸውን እዚያው ትቶ ለንደን ደረሰ። ያን ጊዜ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ቤተሰቡን ለማስመጣት አፕላይ ማድረግ ይችል ነበር። እሱ ካልተፈቀደለት ግን እናትና ልጅ እዚያው መቅረታቸው ነው።

ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ ቢሮ ስገባ ብድግ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "እንደምን አደሩ እማማ?" አለኝ። የጨዋ ልጅ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ጨዋነት ነው።

"የካይሮ ኑሮ እንዴት ነበር?" ስትል ጠበቃዋ ጠየቀችው። ተረጎምኩለት።

እኔን እኔን እያየ፣ "ተመስገን፣ ደህና ነበርን" አለ። የተባለውን አስተላለፍኩ።

"ታዲያ ሚስትህንና ልጅህን ትተህ ለምን ወጣህ?"

"እንዲያው ዕድሌን ልሞክር ብዬ ነው።"

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚህ መልስ ጥገኝነት አይገኝም። ልጁ የሚመልሰው ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነው። እናቱን የምታክል ሴት "ኑሮ እንዴት ነበር?" ብላ ስትጠይቀው ታስሬ ነበር፣ ተርቤ ነበር ብሎ ሊዘረዝርላት ነው? ለእናት የሚባለው "ተመስገን" ነው።

ሕጉ አንድ መውጫ አለው። አስተርጓሚ ስለ ራሱ መናገር ከፈለገ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ መናገር ይችላል። እጄን አውጥቼ፣ "አስተርጓሚዋ ወንበሯን ከባለጉዳዩ ኋላ ማድረግ ትፈልጋለች" አልኩ።

"ለምን?" አለች ጠበቃዋ።

"እኛ ዘንድ በእናት ፊት መከራ አይዘረዘርም። አንቺን እያየ ቢናገር ይሻላል።"

"እንሞክረው" አለችና ወንበሩን ራሷ አንስታ ወሰደችልኝ።

ያው ጥያቄ ተደገመ። ከኋላ የሚታየኝ ማጅራቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ለጠበቃዋ ይናገር ጀመር። ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ተይዞ ታስሯል። ሸሽተህ ወደ መጣህበት አገር እንመልስሃለን ብለውታል። ከተፈታ በኋላ ከቤት መውጣት ፈራ፤ ሄለን ሰው ቤት እያጸዳች አበላችው። እኔም ከኋላው ሆኜ "እኔ ታሰርኩ፣ እኔ ፈራሁ" እያልኩ እንባዬ ወረደ። እሱ አላየኝም። ድምፄንም አላበላሸሁም።

ተፈቀደለት። ቆይቶም ሄለንና ልጅቷ መጡ።

ባለፈው ሰሞን ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ያለው ቤታቸው ምሳ ጋበዙኝ። በሥራ ላይ እያለሁ ቢሆን፣ ከባለጉዳይ ጋር መቀራረብ ስለማይፈቀድ አልሄድም ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ኮሊን ምን አገባው? ልጅቷ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ስትለፈልፍ፣ ሄለንን፣ "ካይሮ እንዴት ነበር ልጄ?" አልኳት።

"ተመስገን እማማ፣ ደህና ነበርን።"

ሳምሶን ከወጥ ቤት ሆኖ፣ "እማማ፣ ወንበርዎን ያዙሩ እንጂ!" ብሎ ጮኸ። እኔና እሱ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሄለን ግራ ገብቷት ባሏን አየችው፤ ነገሩን አጫወታት።

እኔም ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሄለን የካይሮውን ነገር ለባሏ ማውራት ጀመረች።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት የት እንደተቀመጣችሁ እዩ።