አሥራ ሰባቱ ፊኛዎች

ለታይፒስትነት የተፈተኑት አራት ሴቶች ነበሩ። ፈታኙ ሻለቃ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ “ምስክሯ እንደገለጸችው፣ የድስት ክዳን የሚመስለው ነገር ከልብስ ማስጫው ገመድ በላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል ከቆመ በኋላ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ሳይገባ ሽቅብ ሄዷል” ብለው አስጻፏቸው። አንደኛዋ ገና “የድስት ክዳን” ሲሉ ሳቋ አመለጣት። ሁለተኛዋ ጆሮዋን ተጠራጥራ “ምን አሉኝ?” እያለች ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። ሦስተኛዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። አራተኛዋ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንድ ፊደል ሳትስት ጽፋ ወረቀቱን አውጥታ አቀበለቻቸው።

“አላሳቀሽም?” አሏት።

“ሴትዮዋ ፈርታ ይሆናል ብዬ ነው።”

በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረች።

ቢሮው በጦር ሰፈሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአሮጌ ጫማ መጋዘን ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው በር ነበር። በሩ ላይ “ማንነታቸው ያልታወቀ በራሪ አካላት ጉዳይ ማጣሪያ ክፍል” የሚል ተለጥፎበታል። ይህን ሁሉ ለመጥራት ትንፋሽ ያለው ሰው ስላልተገኘ ወታደሩ በሙሉ “ሰማይ ቤት” ይለዋል። አንድ ቀን እናቷ ስልክ ደውለው ልጃቸውን ቢጠይቁ፣ ስልከኛው ያለ ክፋት “ሰማይ ቤት ናት፣ እማማ” አላቸው። እናትየው የስልኩን እጀታ ጥለው ጎረቤት ጠሩ። ከዚያ ወዲያ ሻለቃው ስልከኛውን አስጠርተው የክፍሉን ሙሉ ስም በቃሉ አስጠኑት።

ሦስት ሆነው ነበር የሚሠሩት፤ ሻለቃው፣ እሷና ጂፑን የሚነዳው አስር አለቃ። ሰው ሰማይ ላይ ግራ የገባው ነገር አይቶ ሲያመለክት ያለበት ድረስ ሄደው ያነጋግሩታል፣ አርባ አንድ ጥያቄ ያለበትን ቅጽ ይሞላሉ፣ ተመልሰው ደግሞ የበረራ መዝገቡንና የከዋክብቱን ሰንጠረዥ ሲያገላብጡ ይውላሉ። አብዛኛው ነገር መልስ አያጣም። አንዱን ነጋዴ በየመንገዱ የተከተለው መብራት አጥቢያ ኮከብ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰፈር ሙሉ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳው ብልጭታ ደግሞ ከኮረብታው ማዶ የድንጋይ ካባ መኪና በዞረ ቁጥር የሚያበራው ነበር። ሻለቃው ግን በማንም ስቀው አያውቁም። “ሰውየውማ አይቷል፤ ያየው ምን እንደሆነ ማግኘት የኛ ፈንታ ነው” ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ስታስበው ቀድሞ ትዝ የሚላት የጂፑ የኋላ ወንበር ነው። የጽሕፈት መኪናዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ስትሄድ መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር የመኪናዋ ደወል ቅጭል ይላል፤ አስር አለቃውም “አቤት” ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ቀልድ አልሰለቸም።

አባቷ ጣሪያ ሠሪ ነበሩ። እራት ላይ፣ ቀን ከጣሪያ ላይ ሆነው ያዩትን ሁሉ ይነግሯታል፤ ኮስታራው ዳኛ ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲጨፍር፣ ተኳርፈው የኖሩት ሁለት ጎረቤታሞች ማንም አያየንም ብለው በአጥር ቀዳዳ ሽንኩርት ሲቀባበሉ። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች “ትንሿ” ነው የሚሏት። “ትንሿ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አየሁ መሰለሽ” ብለው ሲጀምሩ እናቷ “ተጀመረ” ይላሉ፤ ግን እሳቸውም ከወንበራቸው አይነሱም።

በሥራዋ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አባቷ የወፍጮ ቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመቱ ቀና ቢሉ ከውሃ ማማው በላይ ግራጫ ነገር ቆሟል። ክብ ነው። ድምፅ የለውም። ንፋሱ ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጨ እሱ ንቅንቅ አይልም። አራት ሚስማር የሚያስመታ ጊዜ ያህል ቆየና፣ ሰው ጎትቶ እንደወሰደው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ሄደ። አባቷ መዶሻቸውን እዚያው ትተው ወረዱ።

ቤት ገብተው ይህንኑ ሲናገሩ እናቷ “ይህን ነገር ከዚህ ቤት እንዳታወጣው፤ ሰውዬው ለቀቀ ነው የሚሉህ” አሏቸው። ልጅቷም ዝም አለች። በስንቱ እንግዳ ሰው ፊት ሳትስቅ የኖረች፣ የገዛ አባቷ ሲሆኑ ግን እፍረት ቢጤ ያዛት። አባቷ ዝምታዋን አዩት።

“ታዲያ ያ ቢሮ ለማን ነው የተከፈተው?” አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የክት ኮታቸውን ለብሰው ሰማይ ቤት በር ላይ ተገኙ።

“ሻለቃ፣ አባቴ ናቸው” አለች፤ ሌላ ሰው ይጻፈው ለማለት ፈልጋ።

“እንግዲያው ይበልጥ ተጠንቅቀሽ ጻፊ” አሏት።

ጻፈች። “ዕድሜዎ ስንት ነው?” ብላ ከቅጹ ላይ ስታነብ አባቷ ዞረው አዩአት።

“አታውቂውም እንዴ?”

“ምስክሩ ነው መመለስ ያለበት።”

“ስልሳ አንድ” አሉ። “እናትሽ ስልሳ ሦስት ብትልም።”

ሃያ ዘጠነኛው ጥያቄ “መጠጥ ያዘወትራሉ?” የሚል ነበር። “ይቺን እንኳ እሷው ትመልስልኝ” ሲሉ አባቷ፣ ሻለቃው ሳል ይዟቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲመለሱ ከመሳቢያቸው አንድ የዩኒፎርም ቁልፍ አውጥተው ሰጧቸው። “ክንድዎን ዘርግተው ይህን ቢይዙ፣ ያዩትን ነገር ይሸፍነዋል?”

አባቷ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፉን ወደ መስኮቱ አነጣጠሩ። በልክ ነገር የማይቀልዱ ሰው ነበሩና ረጅም ጊዜ አሰቡ። “ይሸፍነዋል። ግን በግራ በኩል ጠርዙ ትንሽ ይተርፋል።”

ሻለቃው በዚህ አላበቁም። ሃምሳውን ያለፉ፣ የቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ የሚላቸው ሰው፣ የወፍጮ ቤቱን መሰላል ሲወጡ አባቷ ከላይ ሆነው በሁለት እጃቸው ሳቧቸው። እሷ ታች ቆማ የሚጮኹላትን ቁጥር ትመዘግባለች። ሁለቱ ሰዎች ቆርቆሮው ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ የማዕዘን መለኪያ፣ አንዱ መዶሻ ይዘው፣ ባዶውን ሰማይ በጣት ይጠቁማሉ። ከዕድሜሽ አንድ ቀን መልሰሽ ውሰጂ ብትባል ያንን ቀን ነው የምትወስደው።

የአየር ጠባይ ጣቢያው በዚያ ቀን ፊኛ አልለቀቀም፤ ጋዝ አልቆበት ነበር። አውሮፕላንም አልበረረም። ፋይሉ ላይ “አልታወቀም” ተባለ።

በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ከበላይ ኮሎኔል ትእዛዝ መጣ። ያልታወቀ የሚባል ነገር በዝቷል፣ የቀሩት አሥራ ሰባት ፋይሎች በሙሉ “የአየር ጠባይ ፊኛ” ተብለው ይዘጉ፣ ለምስክሮቹም በደብዳቤ ይገለጽ የሚል። ሻለቃው ሁለት ጊዜ ሄደው ተከራከሩ። በሁለተኛው ቀልተው ተመለሱና ፋይሎቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ፤ አንዱን ግን በእጃቸው አስቀሩ።

“ይህን እኔ በሁለት ጣቴ እጽፈዋለሁ” አሏት።

“ሥራዬ ነው፣ ሻለቃ” ብላ ተቀበለቻቸው።

ደብዳቤው በፖስታ ተልኮ እቤታቸው ደረሰ። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው፣ እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየች፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እናቷን “ፊኛ ነው ተብሏል” አሏቸው። እናቷ እፎይ አሉ። ሰፈሩ ግን እፎይ አላለም። ወሬው ወጥቶ “ጋሼ ፊኛ” የሚል ስም ተለጠፈባቸው፤ ቆርቆሮ የሚያሠራው ሰው ሳይቀር “ጋሼ ፊኛ መቼ ይመጣሉ?” ይል ጀመር። እሳቸውም አቤት ይላሉ፤ አይቆጡም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እራት ላይ “ትንሿ፣ ምን አየሁ መሰለሽ” ማለት ቀረ። ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዘመድ ጤና ያወራሉ። ከጣሪያ ላይ ስላዩት አንዲት ቃል አይወጣቸውም። እሷም አልጠየቀችም። ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በስድስተኛው ዓመት ክፍሉ እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ሻለቃውም የጡረታቸው ጊዜ ደርሶ ነበር። ፋይሉን በሳጥን በሳጥን ሲያሽጉ፣ ለመዝገብ ቤት የሚሰጠው ዝርዝር “የመጨረሻ ውጤት” የሚል ዓምድ እንዳለው አየች። ኮሎኔሉ ተዛውሯል፤ ዓምዱ ምን ተብሎ ይሞላ እንደሆነ ያዘዘ ሰው የለም።

“ምን ልበል?” አለቻቸው።

ሻለቃው ወንበራቸው ስለታሸገ ሳጥን ላይ ነበር የተቀመጡት። “ያገኘነውን ነዋ” አሉ። “አሥራ ሰባቱን አልታወቀም በይ። ለምስክሮቹም ያንኑ ጻፊላቸው፤ እኔ እፈርማለሁ።”

ሁለት ቀን ፈጀባት። ከደብዳቤዎቹ አምስቱ ተቀባያቸው በሕይወት የለም ተብለው ተመለሱ። አንዱን ግን ለፖስታ ቤት አልሰጠችውም።

አባቷ ያን ጊዜ ጣሪያ መውጣት ትተው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የቆዩ ሚስማሮችን እያቃኑ ነበር። ደብዳቤውን ሰጠቻቸውና ቆመች። አንብበው ሲጨርሱ፣

“አባዬ፣ የበፊቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለች።

“አውቃለሁ። እዚያ ቤት ሌላ ታይፒስት የለም አላልሽኝም?”

“ፊኛ እንዳልነበረ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።”

“የታዘዘ ሰው ምን ያደርጋል።” አንዱን ሚስማር አነሱና አስቀመጡት። “ያስከፋኝ እሱ አይደለም፣ ትንሿ። አንድ ማዕድ ላይ እየበላን በፖስታ መላክሽ ነው። አባዬ፣ እንዲህ ጻፊ ተብያለሁ ብትይኝ ምን ነበረበት?”

 አጠገባቸው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እሳቸውም አላባበሏትም፤ ሚስማራቸውን እያቃኑ ጠበቋት። ስትጨርስ “የዚያ የሚጨፍረው ዳኛ ሚስት ወደ ቤቷ ተመልሳ እንደታረቀችው ነግሬሻለሁ?” አሏት። አልነገሯትም ነበር። የስድስት ዓመት የጣሪያ ወሬ ተጠራቅሞባቸው ኖሮ፣ ለመጨረስ ያ ክረምት አልበቃቸውም።

ሻለቃው ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠይቋቸው መጡ። ጉልበታቸው ብሶባቸው በከዘራ ነበር። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ነገሩ የሄደው ወደ ምሥራቅ ነው ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚል ብዙ ተጨቃጨቁ። መሐል ላይ አባቷ “እርስዎስ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያንጋጥጡ፣ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?” ብለው ጠየቋቸው።

“አንድም ቀን” አሉ ሻለቃው። “ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስሰማ ኖርኩ እንጂ እኔ ምንም አላየሁም።”

 አባቷ ወንበራቸውን ወደ ሻለቃው አስጠጉና፣ “በሉ ይስሙኝ” ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው፤ ቆርቆሮው እንዴት እንደሞቀ፣ ንፋሱ ከየት በኩል እንደነበረ፣ ለምን ቀና እንዳሉ። በዚህኛው ጊዜ የሚመዘግብ ሰው አልነበረም። ታይፒስቷ እጇን አጣጥፋ ደፉ ላይ ተቀምጣ ሰማች፤ ሻለቃውም ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም።