«በልተሽ ነይ» ያለኝ ነቃሽ

እናንተዬ፣ ሰው ለአንድ ቁራሽ ዳቦ እንዲህ ይጨነቃል? ከአዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ ዓለም ከተማ የመጣ ነቃሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ክንዴ ላይ አበባ ሊነቅሰኝ ቀጥሮኛል። ክንዴን ተላጭቼ፣ እናቴ እንዳታይብኝ እጅጌዬን አውርጃለሁ። የቀረኝ አንድ ትእዛዝ ነበር፤ «በልተሽ ነይ፤ በባዶ ሆድ መርፌ ሲነካሽ ራስሽን ትስቻለሽ» ብሎኛል። ችግሩ፣ ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ሕፃን እንኳ ቅዳሴ ሳያልቅ እህል የማይቀምስበት ጾም!

ጓዳ በር ጀርባ ቆሜ ደረቅ ዳቦ ስጎርስ እናቴ ከች አለች። ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝና በሹክሹክታ፣

«ስንት ወርሽ ነው?» አለችኝ።

በእናቴ ቤት ፍልሰታን በጠዋት የምትገድፍ እርጉዝ ብቻ ናት። «ኧረ አይደለም!» ብል ማን ይስማኝ? ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና ጎረቤታችን የሆኑትን የንስሐ አባታችንን ይዛ ተመለሰች።

አባ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያረገዝሽው ከማን ነው?»

«አላረገዝኩም አባ! ልነቀስ ነው!» ብዬ የተላጨ ክንዴን ገልጬ አሳየኋቸው።

እናቴ «እሰይ እመቤቴ!» ብላ መሬት ሳመች። አባ ግን ክንዴን አየት አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ምኑ ነው እሰይ የሚያሰኘው? ልጅ ቢሆንማ ክርስትና እናነሳው ነበር። ይኼንን ምን እናድርገው?»