አያቴ የጠመጠሙት ሚስማር

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሲያማርር እኔ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ቤታችን ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። ያኔ ክረምት ላይ ዝናቡ ገና ሲያጉረመርም መብራቱ ቀድሞ ድርግም ይላል፤ እናቴ ሻማ ለኩሳ የከሰል ምድጃውን ወደ ሳሎን ታስገባለች፤ አያቴም መረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተረታቸውን ይጀምራሉ። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጀልባውን ከተዉ በኋላም የሌሎቹን የተቀደደ መረብ ይጠግኑ ነበር፤ ተረቱ ከእጃቸው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ጅብ ወጥመድ ውስጥ ሲገባ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ጦጣ ስታመልጥ ክሩ ይላላል። እኔ የፍሙን ቅላት እያየሁ፣ ከመረቡ የማይለቀውን የቆሮሶ ዓሣ ሽታ እየማግሁ፣ መብራቱ እንዲዘገይ እመኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቋጠሮው እየተፈታ አስቸገረ፤ ዓሣ አጥማጆቹም ይሉኝታ ይዟቸው ምንም ሳይናገሩ መረባቸውን ወደ ሌላ ሰው መውሰድ ጀመሩ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አንዳንዴ ከስድብ ይብሳል። መረቡ ሲቀር ተረቱም አብሮ ቀረ፤ መብራት ቢጠፋም አያቴ ፍሙን ብቻ ያያሉ። አንድ ምሽት አባቴን ጠርተው፣ ይርጋለም ወዳለችው እህታቸው ዘንድ ሄደው መኖር እንደሚፈልጉ ነገሩት።

«እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ? እህል ማበላሸት ነው» አሉ።

አባቴ ለመነ፣ እናቴ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን ቅዳሜ እሄዳለሁ ብለው ቆረጡ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኜ ቅዳሜ የሚባል ቀን እንዳይመጣ ጸለይኩ።

በዚያው ሳምንት የሳይንስ መምህርታችን በሚስማር፣ በሽቦና በባትሪ ድንጋይ መግነጢስ ሠርተን እንድንመጣ አዘዘችን። አባቴ ከተቃጠለ ማራገቢያ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈትቶ ሰጠኝ። መጠምጠሙ እኔንም አያቅተኝም ነበር፤ ግን ትንሽ ተንኮል አሰብኩና ወደ አያቴ ወሰድኩት።

«አባባ፣ መጠምጠም ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ሽቦውን ተቀበሉኝ። የጠመጠሙት የመረብ ክር በሚጠመጥሙበት ደንብ ነበር፤ መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ቀኝ እያዞሩ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል በላዩ ላይ ወደ ግራ እያዞሩ። እንዲያ ካልተደረገ ክሩ ውሃ ላይ ሲለቀቅ ይጠማዘዝና ይወሳሰባል ይሉ ነበር። እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ሽቦው እንደ ተማሪ ሰልፍ ተስተካክሎ ተኛ። ሁለቱን ጫፎች በምላጭ ፍቄ ከባትሪ ድንጋዮቹ ጋር አገናኘሁና ሚስማሩን ወደ አሮጌ የዓሣ መንጠቆዎቻቸው አስጠጋሁ። ሽቦው ሞቅ አለ እንጂ አንድም መንጠቆ አልተነቃነቀም። አያቴ እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«አየሽ ምሕረቴ፣ ይህ እጅ ከእንግዲህ አይረባም» አሉኝ።

በማግስቱ መምህርቷ ሚስማሩን አገላብጣ አየችና ፈገግ አለች። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ በሽቦው ዙሪያ የመግነጢስ ጉልበት ይፈጥራል፤ አንድ ዙር ብቻውን ደካማ ነው፤ ብዙ ዙሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ግን ይደጋገፉና ብረቱን መግነጢስ ያደርጉታል አለችኝ። የኔ ሚስማር ላይ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ስለዞረ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል።

«አምጪው፣ አሁኑኑ አስተካክዬ ልጠምጥምልሽ» ስትለኝ ሚስማሩን ከእጇ ቀማኋት።

«አይሆንም ቲቸር! የአያቴ ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዳትነግሪያቸው፤ ይሄን ከሰሙ ጭራሽ ቅዳሜንም አይጠብቁም። እኔ ሌላ እሠራልሻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ነበር። ግን ሌላ ሚስማር ቢሠራልኝ፣ አያቴ እጃቸው ያበላሸው እንደሆነ እንዳመኑ መሄዳቸው ነው።

ያን ምሽት መብራት ጠፋ። ፍሙ አጠገብ ተጠግቼ «ተረት ተረት» አልኩ።

አያቴ ከልማዳቸው የተነሳ «የላም በረት» ብለው መለሱ፤ ተራኪዋ እኔ መሆኔ የገባቸው ከመለሱ በኋላ ነው። እኔም ስለ አንድ ጀልባ አወራሁላቸው። በጀልባው ላይ ብዙ ጎበዞች ነበሩ፤ ግማሾቹ ወደ ፊት ሲቀዝፉ ግማሾቹ ወደ ኋላ ይቀዝፋሉ፤ ሁሉም ላባቸው ጠብ እስኪል ደከሙ፣ ጀልባው ግን ሐይቁ መሐል እንደ ቆመ መሸ። አያቴ ሳቁ።

«እነዚህ ጅሎች ደግሞ ከወዴት የመጡ ናቸው?»

«ከ... ከእርስዎ ሚስማር ላይ፣ አባባ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። አያቴ ሚስማሩን አንስተው ሻማው አጠገብ አስጠጉት፣ የላዩንና የታቹን ሽቦ በጥፍራቸው ተከትለው አዩት፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪርገበገብ ይስቁ ጀመር።

«በይ ጎበዞቹን ወደ አንድ እናስቀዝፋቸዋ!»

ሽቦውን ራሳቸው ፈቱት፣ ራሳቸው መልሰው ጠመጠሙት፤ ሁሉንም ወደ ቀኝ እያዞሩ። እኔ ሻማውን ያዝኩላቸው። ከባትሪ ድንጋዮቹ ጋር ሳገናኘው መንጠቆዎቹ ጥርግርግ ብለው ሚስማሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠሉ። አያቴ አንዱን የሽቦ ጫፍ አላቀቁት፤ መንጠቆዎቹ ወደቁ። መልሰው ነኩት፤ ተነሡ። ኤሌክትሪኩ እስከዞረ ድረስ ብረቱ መግነጢስ እንደሚሆን፣ ሲቋረጥ እንደሚለቅ ነገርኳቸው። እየደጋገሙ አነሡ፣ እየደጋገሙ ጣሉ፤ መብራቱ ሲመጣም እናቴን አጥፊው አሏት። ምሽቱን ሦስት ተረት ነገሩን፤ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

የልጅ ጸሎት ቀን አያስቀርምና ቅዳሜ መጣ። አባቴ አያቴን ወደ መናኸሪያ ሊያደርስ ባጃጅ ጠርቶ በር ላይ አቆመ። አያቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«ባትሪ ድንጋዩ አልቋል» አሉት። «ባጃጁ ከመጣ አይቀር፣ ሄደህ ሁለት ገዝተህ ና።»

ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ኖሩ። ከተረቶቻቸው ግማሹ ዛሬ ጠፍቶብኛል፣ የቀረውንም ለልጆቼ ስነግር አቀላቅለዋለሁ። አባቴ ግን ባጃጁ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገና እየሳቀ፣ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ቁልቁል ሲወርድ አሁንም ይታየኛል።