በእኛ ቪዲዮ ቤት ይቅር ይባል ነበር

መጀመሪያ የሰማሁት ዝናቡን ነው። ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የላከልኝን አጭር ቪዲዮ ስከፍተው፣ ከምስሉ በፊት ቆርቆሮ የሚደበድብ የሐምሌ ዝናብ፣ ከዝናቡ በኋላ የማይክ ፉጨት፣ ከፉጨቱ በኋላ የአባቴ ሳል መጣ፤ ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ በቀጭን የሴት ድምፅ «አባቴ ሆይ፣ በድዬሃለሁ» አለ። የእርጥብ ጋቢና የጋለ ቴሌቪዥን ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ላይ መጣ። ደስታዬ ግን ግማሽ ደቂቃ አልቆየም። ቪዲዮው ላይ «የጉለሌው ቀጣፊ ተርጓሚ» የሚል ርዕስ ተለጥፎበት ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ የማላውቀው ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ አባቴን ይሰድባል።

አባቴ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቪዲዮ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ሣጥን ላይ ተቀምጠው። በዚያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ግን ከሸጎሌ ድረስ የእኛን ቤት ብሎ የሚመጣው አባቴ የህንድ ፊልም እዚያው፣ በቁሙ ስለሚተረጉም ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ማይኩን አፉ ሥር አስጠግቶ፣ የሽማግሌውንም የወጣቱንም የልጅቷንም ድምፅ ብቻውን ያወጣ ነበር፤ አንዳንዴ ፈረሱንም ይጨምርበታል። አንዳንዱን ፊልም ከነትርጉሙ ካሴት ላይ ቀድቶ ያከራይም ነበር። ህንድኛ የት እንደተማረ ሲጠየቅ «የህንድ መምህራን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ፤ ከእነሱ ጋር ነው የኖርኩት» ይላል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው የለም። እውነቱን ለመናገር አባቴ የሚያውቀው «አቻ» የሚለውንና ሌላ ሦስት አራት ቃል ብቻ ነበር። ምስሉን እያየ የመሰለውን ይናገራል፣ ያልጣመውን ደግሞ ያስተካክለዋል። እኔ ግን ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ከሁሉ የተወደደው ፊልም፣ ደሃ በማፍቀሯ አባቷ ከቤት ያባረራት ልጅ ታሪክ ነበር። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ልጅቷ እግሩ ሥር ወድቃ ታለቅሳለች፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አንድ ነገር ይናገርና ይሞታል። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተነሺ ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ፊቴን ያዞርኩት እንባዬን እንዳታዪ ነው» ይል ነበር፤ ይሄኔ ቤቱ በለቅሶ ይናጣል። ልጃቸውን ካባረሩ ሁለት ዓመት የሞላቸው ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ወልዴ ያንን ፊልም ሦስት ጊዜ መጥተው አዩትና፣ ለእንቁጣጣሽ ልጃቸውን አስጠርተው ቤት አስገቧት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ አባቴን እንደ ንስሐ አባት ያየው ጀመር፤ እሱም፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ተኮፍሶ ነበር።

መስከረም ሳይወጣ ደግሞ የጎረቤታችን የባለ ሱቁ ልጅ ዘሀራ ከዱባይ ተመለሰች። ዱባይ አራት ዓመት የሠራችው ህንዶች ቤት ነው። ቪዲዮ ቤታችን ስትመጣ ከኋላ ትቀመጥና፣ ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት ቦታ እሷ አፏን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያት ነበር። አንድ ቀን ሱቃቸው ስኳር ልገዛ ስሄድ ምን እንደሚያስቃት ጠየቅኳት።

«ሽማግሌው እኮ ይቅር አላላትም» አለችኝ፣ ዙሪያዋን አየት አድርጋ። «ሬሳዬን እንኳን እንዳትነኪ ብሏት ነው የሚሞተው። አባትሽ ግን... በቃ፣ አንደኛ ነው! ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ? የሱ ይሻላል።»

በማርያም ብዬ ማልኩላት።

ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ቦኖው አጠገብ ያለችው ሜዳ ላይ ፊልሙን እኛ ልጆቹ እንሠራው ነበር። ጓደኛዬ ማርታ ጸጉሯ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ ልጅቷን ትሆናለች፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ልጅ እኔ ግን ፈረስ ነበርኩ። ወር ሙሉ ፈረስ ሆንኩ። አንድ ቀን ማርታ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ጸጉሯን በትና «አባቴ ሆይ» ስትል ደሜ ፈላ።

«ዝም በይ! ውሸት ነው! አባቷ ይቅር አይላትም። አባዬ ህንድኛ አይችልም!»

«ማን አለ?»

«ዘሀራ!»

ማርታ ለእናቷ፣ እናቷ ቦኖው ላይ ለተሰለፈው ሁሉ ነገሩ፤ ሲመሽ ወሬው፣ የእኔ ስም ወድቆ «ዘሀራ አለች» ሆኖ፣ ከየባልዲው ጋር በየቤቱ ገብቶ ነበር። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ተታለልን አለ፤ ግማሹ ደግሞ የማንም ህንድ ምን እንዳለ ምን አገባን፣ የኛው ይበልጣል አለ። በፊልም የተነሳ ሁለት ጓደኛሞች ሸሚዝ ለሸሚዝ ተያያዙ። እሑድ ዕለት ጎረምሶቹ ቪዲዮ ቤቱን ሞልተው «ማይኩ ለዘሀራ ይሰጥ!» እያሉ አግዳሚውን በቡጢ ይደበድቡ ጀመር። ዘሀራ ከኋላ ብድግ አለች።

«እኔ ሰሐን ሳጥብ ነው የኖርኩት፤ ህንድኛ ከየት አመጣለሁ?» አለች።

ለአባቴ ብላ ዋሸች። ማንም አላመናትም። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩና «እርስዎማ በውሸት ነው የታረቁት!» እያሉ ሳቁባቸው።

«እና ምን ላድርግ? መልሼ ላባርራት?» ብለው ጋሽ ወልዴ ጮኹባቸውና ወጡ።

አባቴ ከዱካው ተነሳ። የማይኩን ገመድ ነቀለ፣ ክንዱ ላይ ጠቀለለ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ዳግመኛም አልነካውም። ሰው ከወጣ በኋላ ወንበሮቹን እየደረደረ «ዘሀራ ናት አይደል ያወራችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ወደ እኔ እንዲዞር አልፈለግኩም። አዎ አልኩት።

በጋው የዝምታ በጋ ሆነ። ሱቃቸው ከበራችን ሦስት እርምጃ ሆኖ ሳለ ለጨውም ለስኳርም እስከ ዋናው መንገድ እንላክ ነበር። ረመዳን ሲገባ የዘሀራ እናት እንደ ሁልጊዜው ለጎረቤት ጣፋጩን ሙሸበክ ላኩ፤ አባቴ ሳይቀምስ ሰሐኑን አስያዘኝና «መልሺላቸው» አለኝ። በሩን የከፈተችው ዘሀራ ነበረች። ሰሐኑን ተቀበለችኝ፣ ዓይኔን አየችኝ፣ ለእኔ ብቻ ስለነገረችኝ ወሬውን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ «እናትሽን ሰላም በያት» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ለአባቴ ሄዳ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነጻ ትወጣ ነበር። አልተናገረችም። የአሥር ዓመት ልጅ ለማስገረፍ አልፈለገችም መሰለኝ።

በዓመቱ አባቴ ሁለት ፕሌይስቴሽን ገዝቶ ክፍሉን ጌም ቤት አደረገው። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ከውጭ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ትርጉም አይፈልግም» ይል ነበር። ሲለው ግን ደስ ብሎት አልነበረም።

አሁን ደግሞ አንዱ ከእነዚያ ካሴቶች አንዱን ከየትም አምጥቶ፣ የፊልሙን ትክክለኛ ትርጉም ከሥር ጽፎ፣ ለመላው ዓለም ለቀቀው። የፊልሙ አፍቃሪ ነን የሚሉት «ጥበብ አረከሰ» ይላሉ፤ «ልጅነታችንን አትንኩ» የሚሉት ደግሞ እነሱን ይሰድባሉ፤ በመሐል አባቴ እንደ ኳስ ይለጋል። ሰው አንድን ፊልም ለመውደድ የማያውቀውን ሽማግሌ መስደብ ለምን ያስፈልገዋል? እነዚህ ሰዎች አባት የላቸውም? እኔም አላረፍኩም፤ በሐሰት ስም ገጽ ከፍቼ፣ ሳምንት ሙሉ ሥራዬን ትቼ፣ ለእያንዳንዱ ተሳዳቢ የእጁን ሰጠሁት። አንዱን አናደድኩት ስል አሥር ይመጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ቪዲዮው በስህተት ጮኸ።

«የኔ ድምፅ አይደል?» አለ። ከዓይኑ አስጠግቼ አሳየሁት። ስድቡን ማንበብ አይችልም፣ መነጽሩን አላደረገም። ያቺን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አለቀና «ያቺ ዘሀራ ባታበላሸው ኖሮ...» አለ።

«ዘሀራ አይደለችም አባዬ። እኔ ነኝ።»

ነገርኩት። ቦኖውን፣ ማርታን፣ ፈረሱን፣ ሁሉንም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን «ሙሸበኩን እኮ መለስኩባት» አለ። ቀጥሎም «የት ናት አሁን?» ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም። በእነሱ በኩል ያሉት ቤቶች ለመንገድ ከፈረሱ ዓመታት አልፈዋል፤ የት ኮንዶሚኒየም እንደደረሳቸው፣ እናቷ ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቅኩም፤ ቤታችን ውስጥ ስሟ ስለማይነሳ መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። ስልኬ ላይ የሚሰዳደቡት ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፊልም ላይ ይሰፍራሉ፤ አባቴንም እኔንም ይረሱናል፤ ንዴቴም ይበርዳል። በልጅነቴ ግን እኛ በአንድ ፊልም ተጣልተን ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን ስንኖር፣ በየቀኑ ቦኖ ላይ ተያይተን ስናልፍ፣ ነገሩን ለመጨረስ የሚያስፈልገው የእኔ አንድ ቃል ነበር። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሳምንት ሙሉ ለአባቴ ስከራከር ሰነበትኩ፤ ለዘሀራ ግን አንድ ቀን እንኳን አልተከራከርኩላትም።