ዶሮዋ እስክትረሳ

ቢቸና እናቴ ቤት የሄድኩት ልጄን ልወስድ ነበር፤ ዶሮ ሳመላልስ ሰነበትኩ።

ልጄን ሁለት ዓመት ሲሞላት እናቴ ዘንድ ትቻት ለነርስነት ትምህርት ሄድኩ። ስጨርስ ሞጣ ተመደብኩ። ዛሬ ነገ እወስዳታለሁ ስል አምስት ዓመቷን ያዘች። እናቴን “እማ” ትላታለች፣ እኔን “እትዬ”። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሥቄ ነበር። ምኑ እንዳሳቀኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ስደርስ እናቴ ያስታቀፈቻቸው ሁለት ዶሮዎች በአንድ ቀን ፈልፍለው፣ ቤቱ በጫጩት ድምፅ ተሞልቶ ነበር። እናቴ እንዲህ ሲገጥማት የምታደርገውን አውቃለሁ። ጫጩቶቹን በሙሉ ለአንደኛዋ ትሰጥና ሌላዋን ጎረቤት ትሰዳታለች። ዶሮዋ እዚያ ጫጩት ሳታይ፣ ድምፃቸውን ሳትሰማ ጥቂት ቀን ታስራ ትሰነብትና ትረሳለች። ከረሳች ቶሎ እንቁላል ትጥላለች፤ ልጅ ካሳደገች ግን ወራት ይፈጅባታል።

“ያችን ጥፍሯ የተሰበረውን ውሰጃት” አለችኝ። “ሌላዋ ትቅር፤ ኃይለኛ ናት፣ ጭልፊት አታስጠጋም።”

ሁለቱም ቀይ ናቸው። ጥፍሯን አይቻለሁ፤ ያየሁ ይመስለኛል። ዶሮዋ ትንፈራገጣለች፣ ልጄ ቀሚሴን ይዛ ትጎትተኛለች፣ የእኔ ልብ ደግሞ ያለው ቅዳሜ ላይ ነው። ቅዳሜ ልጄን ይዤ እንደምሄድ ለእናቴ ነግሬያለሁ። ለልጅቷ አልነገርኳትም።

ታች ያሉት ባልቴት ጎረቤታችን በር ላይ ተቀበሉኝ። “አንቺ፣ ዶሮ ካላሳሰርሽ እኛን አትጠይቂንም ማለት ነው?” አሉና እየሣቁ ከምሰሶው ጋር አሰሩልኝ።

“ለምን ትታሰራለች?” አለች ልጄ።

“ልጆቿን እንድትረሳ ነዋ።”

“ስትረሳስ?”

“ወደ ቤቷ እንመልሳታለን።”

ስንመለስ እናቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ጠበቀችኝ። ለካ የወሰድኩት ኃይለኛዋን ኖሯል። “ወይ አንቺ ልጅ! እንኳን ልጅ…” ብላ ጀመረችና ዋጥ አደረገችው። የቀረውን ሳትለው ሰማሁት። ልለውጣት ብዬ ዞር ስል እናቴ ያዘችኝ። “ተይ፣ አሁንማ ለምደዋታል፣ አትነካኪያቸው።”

ገባ ብዬ አየሁ። ጥፍረ ሰባራዋ ጫጩቶቹን በሙሉ ክንፏ ሥር ከታለች። ግማሾቹ የእሷ አይደሉም። የትኞቹ ግማሾቹ? ቁጭ ብዬ ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እሷም አልቸገራት፣ እነሱም አልቸገራቸው። እኔ ብቻ በንዴት ጦፍኩ። ትልቅ ሴት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በዶሮ ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ ታች ቤት በቀን ሁለቴ መመላለስ ያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ዶሮዋ ስትጮህ ዋለች፣ የተበተነላትን ጥሬም አልነካችም። አሳዘነችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ እህሏን እየለቀመች ነበር። ባልቴቷ “ይኸው ተወችው” ሲሉኝ አፌን ሞልቼ እሰየው ማለት አቃተኝ። እንድትረሳ ነው የፈለግኩት ወይስ እንዳትረሳ? እናቴን እንዳልጠይቃት ደግሞ የልጄን ልብሶች እያጠበች ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን ትፈታና እንደገና ታጥፋለች።

“እማ፣ አንቺስ እንዴት ልትሆኚ ነው?” አልኳት።

“እኔማ ምን እሆናለሁ። ልጅሽ ናት፣ ውሰጃት።” ቀና ብላም አላየችኝ። እንድለምናት ነው? ልጅቷን እንድተውላት ነው? አልገባኝም፤ ልጠይቃትም ፈራሁ።

አርብ ዶሮዋን ከልጄ ጋር ሄደን መለስናት። ግቢ ውስጥ ስንለቃት ጫጩቶቹ ወዳሉበት ሮጠች። እሷ ግን አልፋቸው ሄደችና ወደተበተነው ስንዴ አቀረቀረች። አንዱ ጫጩት እግሯ ሥር ሲገባባት ጭንቅላቱን ነከሰችው። “ረስታለች” አለች ልጄ፣ ቀስ ብላ። እኔም “አዎ፣ ረስታለች” አልኳትና አብረን በላስቲክ ጫማችን ጭቃውን እየረገጥን ወደ ቤት ገባን። ያን ዕለት ነው ሞጣ እንደምንሄድ የነገርኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ አላለቀሰችም። እናቴም አላለቀሰችም። ለልቅሶ ተዘጋጅቼ፣ ብስኩትም ገዝቼ ስለነበር ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። እቅፌ ውስጥ ጭብጥ ብላ ተቀመጠች፤ እንዲሁ እንዳለች ጉንደ ወይንን አለፍን። ተኝታለች ብዬ ፀጉሯን ስዳስሳት ቀና አለች።

“እትዬ።”

“ወዬ።”

“እኔ እኮ ቶሎ ነው የምረሳው። ስረሳ ወደ እማ ትመልሺኛለሽ አይደል?”

“አዎ” አልኳት።