ለባሏ የጠበቀችው ወንበር

ሰፈሩ ወይዘሮ ምላጭ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍራት የለም፤ አንገቱን ምላጭ ለያዘ ሰው ሰጥቶ የሚቀልድ ጅል ገና አልተወለደም። ፀጉር ከመቁረጧ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከባሏ ፀጉር ቤት አጠገብ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት በሚኖርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር።

ፀጉር ቤቱን ባሏ የወረሰው ከአባቱ ነው። አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች አንድ አግዳሚ፣ በቃ። ወንበሩ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ፣ በእግር ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚል፣ የክንድ ማሳረፊያው ቆዳ የተላጠ አሮጌ ነገር ነው። ባልየው ግን ሲወለውለው፣ ዘይት ሲያጠጣው፣ ሲያሽከረክረው ያየ ሰው ሙሽራ የሚያሰናዳ ይመስለው ነበር። ሚስቱም አንዳንዴ ትቀናበት ነበር።

አንድ ቀን የአውቶቡስ በር ቀኝ እጁን ቀረጠፈው። አጥንቱ ተሰባበረ፣ ጅማቱም ተጎዳ። ሐኪሞቹ ሰፉት፣ በብረት ደገፉት፣ ከዚያም «እናያለን» ብለው ወደ ቤቱ ላኩት። ሐኪም «እናያለን» ካለ የሚያየው ነገር ብዙውን ጊዜ ደህና አይደለም።

ወንበር ባዶ ከከረመ ደንበኛ ሌላ ቤት ይለምዳል። ሚስት ይህን ስላወቀች የስፌት መኪናዋን ለታናሽ እህቷ ሰጠች፣ የጠባቧን ክፍል ቁልፍ ለአከራዩ መለሰች፣ «መቀስ እንደሆነ መቀስ ነው» ብላ ከመስታወቱ ፊት ቆመች። ባልየው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በአፉ አስተማራት። «ማበጠሪያው ይምራሽ፤ አንቺ አትምሪው» ይላታል። «አትቸኩዪ፣ ሰውየው የትም አይሄድም፤ አስረሽዋል።» በመጀመሪያው ሰሞን የሰፈሩ ወንድ ግማሹ አንድ ጎኑን ፍየል የበላችው ይመስል ነበር። እያደር ግን እጇ ገራ። ምላጭ ስትይዝማ ከባሏ ትሻላለች የሚሉም አልታጡም፤ እሱ በሌለበት ነው ታዲያ።

«ወንበሩን እየጠበቅኩለት ነው» ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ። «እጁ ሲድን ይመለስበታል።» ሰውም ከንፈሩን ይመጥጥላታል፤ እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች ይላል። ከንፈር ሲመጠጥላት ደስ ይላት ነበር። ይህን ለራሷም ቢሆን ተናግራ አታውቅም።

ነገሩ ከእናቷ የመጣ ነው። እናቷ ገበታ ሲቀርብ «እኔ ጠግቤያለሁ» የምትል ሴት ነበረች። ልጁ ብዙ፣ ሳህኑ ትንሽ። ልጆቹ አድገው ሳህኑ ሲሞላ እንኳ እናትየው መጥገቧን አልተወችም። ትልቋ ልጅ፣ ማለትም ይህችው የኛዋ፣ በመጀመሪያ ደሞዟ ጫማ ገዝታ ብትወስድላት «ለእህትሽ ልክ ነው» ብላ እዚያው ፊቷ አሳልፋ ሰጠችባት። ልጅቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ግን ከእናቷ መሸሽ ሲገባት እናቷን ሆና ወጣች። ከዚያ ወዲህ መስጠት ነው እንጂ መቀበል አይሆንላትም፤ አንድ ነገር ሲሰጧት እንደተሰደበች ትጨነቃለች።

ባልየውስ? ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉት እውነት ነው። እሱ ደግሞ የብዙ ታናናሾች ታላቅ ነበር። እናቱ ቶሎ ስለሞተችበት ያደገው የሌሎችን ቁልፍ ሲቆልፍ፣ የሌሎችን ጫማ ሲያስር ነው። የእሱን ሸሚዝ የቆለፈለት ሰው እጁ እስኪሰበር ድረስ አልነበረም። አሁን ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ፊቱ ትቆማለች፤ ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ትቆልፍለታለች፣ ጫማውን ታስርለታለች፣ ሳሙና ቀብታ ጢሙን ትላጨዋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። የሁለቱም ቀን እንዲህ ተጀምሮ ደህና ይውል ነበር።

በግራ መንጋጋው ሥር፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ ጢሙ ዙሮ የሚበቅልበት ጣት የምታክል ቦታ አለች። ከሥሯ የደም ሥር ይመታል። ሚስት የማንንም አንገት ሳትፈራ ያቺን ቦታ ትፈራታለች፤ ምላጩን አጠገቧ ታደርስና ትመልሰዋለች። ስለዚህ ባልየው ተላጭቶም እዚያች ጋ ጥቂት ፀጉር ይቀረው ነበር። አንድም ቀን እዚህ ጋ ቀረኝ ብሏት አያውቅም።

አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ተመለሰች። ባልየው በልቶ ሲጨርስ አገጩን ልትጠርግለት ጎንበስ ስትል ያቺን ቦታ አየቻት። ጠዋት ትታት የሄደችው ፀጉር የለም። ከታች ወደ ላይ፣ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ፣ አንዲት ጭረት ሳይኖር ተላጭቷል። ግራ እጁ እንዳይባል ግራ እጁ ማንኪያ ይዞ አፉን የሚስት ነው። እንዲህ የሚላጭ ቀኝ እጅ ነው፤ ለዚያውም ያልተንቀጠቀጠ ቀኝ እጅ። ሰውየው ከሐኪም ደብቆ፣ ከሚስት ደብቆ፣ ሳይጨረስ የቀረ ጢም መስታወት ውስጥ እያየ ማለፍ አቃተውና በሙያው ተያዘ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ስትጸልይለት የከረመችው እጅ ድኗል። ግን ደስ አላላትም። ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠች፣ መልሳ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ምሳዋን ሳትነካ ወደ ሥራዋ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። የተጠረገውን ትጠርጋለች፤ የተሳለውን ምላጭ ትስላለች። ደንበኛ እያዋራት ሳትሰማው «ልክ ነዎት» ትላለች። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባዶ ባልዲ ይዛ ትመለሳለች። ለምን ደበቀኝ? ሥራ ሰልችቶት ነው? እኔን እያየ በሆዱ ይስቅ ይሆን? አንዱን ሐሳብ አባርራ ሳትጨርስ ሌላው በር ላይ ይቆማል።

ልትፈትነው ፈለገች። ጠዋት ሸሚዙን ስትቆልፍ የአንገቱን ቁልፍ ትታ ዞር አለች። ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ እንደ ሕፃን ጠበቃት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

«እጅህ ዛሬ እንዴት ነው?» አለችው።

«ያው ነው» አለ ጣቶቹን ሳያንቀሳቅስ።

በዚህች ቅጽበት እፎይ አለች። ውሸቱን ሰምታ እፎይ አለች። ይህን ስታውቅ ፈራች፤ ከባሏ ይልቅ ራሷን ፈራች።

ደንበኞቿ ውስጥ አንድ አስተማሪ አለ፤ የሰውን ልቦና የሚመረምር ትምህርት የሚያስተምር፣ ሳሙና እየተቀባም የማያቆም ወሬኛ። በዚያው ሳምንት መጥቶ ወንበሩ ላይ ተንጋለለና ጀመረ።

«ለተማሪዎቼ አንድ አጭር ልብ ወለድ ሰጠኋቸው። ባልና ሚስት ናቸው። ያላቸው አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ እሱም ከአንድ ሰው በላይ አይሸፍንም። ሚስቲቱ ለባሏ ታለብሰውና እሷ ስትንቀጠቀጥ ታድራለች። ክፍሉ በሙሉ ይሄ ነው ፍቅር ብሎ አጨበጨበ።»

«ታዲያ አይደለም እንዴ?» አለች ምላጩን እየጠረገች።

«እኔም አይደለም አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ ባልየውን እንቅልፍ ወሰደው ወይ?»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «ወሰደው?»

«ታሪኩ አይናገርም። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ እየሰማ እንዴት ይተኛል? ብርድ ልብሱን ልመልስላት ቢል ደግሞ ሊሰጣት ነው፤ እሷ ሲሰጧት አትወድም። ስለዚህ የተኛ መስሎ ያድራል። አንዷ እየበረዳት፣ አንዱ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሁለቱም ለፍቅር ብለው ሌሊቱን...»

ቃሉን አልጨረሰም፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ደም ብቅ አለ። ምላጭ ከያዘች ወዲህ ሰው ስታደማ የመጀመሪያዋ ነው። ጥጥ ይዛ ይቅርታ ስትለምነው እሱ የጨነቀው ስለ ታሪኩ ነበር። «የሚሰጥ ሁሉ ቸር አይደለም እያልኩሽ ነው» አለ ጆሮውን ይዞ። «አንዳንዱ የሚሰጠው ሌላው እንዳይሰጠው ነው።»

በማግሥቱ ፀጉር ቤቱ የሚዘጋበት የዕረፍት ቀን ነበር። ጠዋት ባልየው እንደ ወትሮው ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣና ፊቷ ቆመ። እሷ እጇን አላነሳችም።

«እጅህ ድኗል» አለችው።

 ዓይኑ ከፊቷ ወርዶ ወለሉ ላይ ተተከለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«መስታወቱ ፊት ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽ» አለ። «ልብስ ስትሰፊ አንጎራጉረሽ አታውቂም። ድኛለሁ ካልኩሽ ወንበሩን ትለቂልኛለሽ። ሳልጠይቅሽ፣ እየሳቅሽ፣ እሱ ይሻላል እያልሽ ትለቂልኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። እሱን እንዳታደርጊ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ?»

«ለአንቺ ብዬ።»

ሌላ ሴት ብትሆን አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። ይህቺ ተናደደች።  ባሏ ወንበሩን ሰጥቷት፣ ከሰጣት ከርሞ፣ እሷ ሳታውቅ ስትቀበል ኖራለች። ለካ ሲሰጡት እንዲህ ነው የሚያንገበግበው።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

«አንቺስ የስፌት መኪናሽን ስትሰጪ ማን ጠየቀሽ?» አለ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር፤ ያ ይበልጥ አሳመማት። ጆሮው እየቀላም ጨመረበት። «ደግሞ ሁሉም ለአንቺ ብዬ አይደለም። ስትቆልፊልኝ ደስ ይለኛል። አሁን ብነግራት ነገ ማን ይቆልፍልኛል እያልኩ ቀኑን ሳሳድር ከረምኩ።»

ይህን ሲል ንዴቷ መቆሚያ አጣ። እውነት የነገራት ሰው ፊት እውነቷን ይዛ መቀመጥ አልቻለችም። እሷም አመነችለት፤ እጁ መዳኑን ባወቀች ጊዜ እንዳልተደሰተች፣ ያው ነው ሲላት እፎይ እንዳለች፣ ሁሉንም ሳትቀባባ ነገረችው። መስዋዕትነት እያለች የተሸከመችው ነገር ግማሹ የራሷ ምኞት እንደነበርም አልደበቀችው። ከዚያ «ቆልፍና ና» አለችው። «ፀጉር ቤት እንሄዳለን።»

ራሱ ቆለፈ። ፈጥኖ ነው የቆለፈው፤ አይታ ዞር አለች።

መንገድ ላይ እሷ ስትፈጥን እሱ ይዘገያል፤ እሱ ሲደርስባት እሷ ትዘገያለች። ፀጉር ቤቱን ከፍተው ሲገቡ ሻሿን ፈታች፣ ወንበሩ ላይ ወጣችና ተቀመጠች። ወዲያ ወዲህ ስትልበት በኖረችው ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

«ቁረጠኝ» አለችው።

«መቀስ ከያዝኩ ብዙ ጊዜዬ ነው እኮ።»

«ይሁን።»

መቀሱን አነሳ። እንዲሁ መቀመጥ አቃታት። ፎጣውን ልትይዝለት እጇን ዘረጋች፤ ማበጠሪያውን ልታቀብለው ዞረች፤ የወደቀውን ፀጉር ከጉልበቷ ላይ ማራገፍ ጀመረች። «ተቀመጪ» አላት፤ ቆየና «አሁንም ተነሳሽ» አላት። እጆቿን የተላጠው ቆዳ ላይ አሳረፈች። ጣቶቹ ማጅራቷን ሲነኩ የምትገባበት ጠፋት። ሰው ለእሷ ብቻ ሲደክም ዝም ብሎ መቆየት እንዲህ ከባድ ነገር መሆኑን ማን ነግሯት?

ሲጨርስ ኋላ ኋላ ሄዶ መስታወቱ ውስጥ ተመለከታት። «እንዴት ነው?» አለ።

ቀኙ ረዝሟል፤ ግንባሯ ላይም ደረጃ ሠርቶባታል። በልማድ የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። በኩራትና በፍርሃት የቆመውን ሰው ስታይ አንጀቷን በላው፤ አንድ ጥሩ ቃል ብትሰጠው ምን ነበር። ቃሉን ዋጠችው።

«አልወደድኩትም» አለች። «ቀኙን አስተካክለው።»

ፊቱ ጨለም አለ። ወዲያው ግን መቀሱን አንስቶ ወደ ቀኟ ዞረ፤ ጥቂት ቆረጠ፣ አበጠረ፣ ደግሞ ቆረጠ።

«ወንበሩንስ?» አላት ድንገት እየቆረጠ።

«እፈልገዋለሁ።»

መቀሱ ቆመ። «እኔም እፈልገዋለሁ» አለ። ድምፁ ከልማዱ ከፍ ብሎ ነበር፤ እሱንም አስደነገጠው።

መስታወቱ ውስጥ ተያዩ። በትዳራቸው ውስጥ አንድ ነገር ለሁለት ሲፈልጉ ይህ መጀመሪያቸው ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚባል አንዳቸውም አያውቁም። አንተ ይሻልሃል የሚል ሰው ጠፋ፤ አንቺ ይሻልሻል የሚልም ጠፋ። እግሯ ውረጂ ውረጂ ይላታል።

እሷ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።